የቀበርኩት ልብስ ሰፊ

ጥር 11 ቀን

የቀበርኩትን ሰው አውጥተሽ ዳርሽብኝ። ሰላምታውን ከዚህ በኋላ አደርሳለሁ።

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለእናትሽ፤ ጤናችሁን አያጓድልባችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ያመኛል። የሚያመኝ ግን ወገቤ እንጂ አእምሮዬ አይደለምና የጻፍኩትን አልረሳም።

ትናንት ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ ግማሽ ጢሜን እንደ ላጨ ምላጩን አስቀምጦ ጋዜጣ አነሣ። «ጋሼ፣ መጽሐፍዎ እኮ ፊልም ሆኗል፤ እዚህ ተጽፏል» አለና አነበበልኝ። «ደም መጣጩን ልብስ ሰፊ በመቀስ ወግታ የቀበረች ሴት መልሳ እሱኑ የምታገባበት፣ አስፈሪም አስቂኝም ፊልም» ይላል። ድገመው አልኩት። ደገመው። ከወንበሩ ተነሥቼ ወጣሁ። ግማሽ ጢሜ እስካሁን እንዳለ ነው፤ የምላጨው ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ካስገባሁ በኋላ ነው።

እንግዲህ ላስታውስሽ። «የአንገት ልክ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደሉን አንድ በአንድ የለቀምኩት፣ ያተምኩት፣ ያጠፍኩት፣ የሰፋሁት፣ የጠረዝኩትም እኔ ነኝ። በመጽሐፌ ልብስ ሰፊው ደም መጣጭ ነው። የደንበኛውን አንገት ሲለካ ሜትሩን ጠበቅ ያደርጋል። ቁልፍ የምትተክልለት አንዲት መበለት አለች፤ ያታልላታል፤ ታገባዋለች። ኋላ በመስታወቱ ውስጥ ሜትሩ ሰው ሳይዘው ብቻውን ሲንሳፈፍ ታያለች፤ ደም መጣጭ በመስታወት አይታይምና ማንነቱ ይገባታል፤ በገዛ መቀሱ ወግታ ትቀብረዋለች። መጀመሪያ ሠርግ፣ ቀጥሎ ቀብር። ሰው ሁሉ የሚኖረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ፈቃድ ስትጠይቂኝ አንድ ነገር ብቻ አስፈረምኩሽ፦ የታሪኩን ቅደም ተከተል ያለ እኔ ፈቃድ እንዳትነኪ። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ወይ ሠርጉን ወደ ቦታው መልሺ፣ ወይ ስሜን ከፊልሙ አውጪ። ሁለቱንም እምቢ ካልሽ ወረቀቱን ይዤ ዳኛ ፊት እቆማለሁ፤ ፊልምሽም ሰው ሳያየው ይቀራል።

እንዳትደውይ። ስልክ የለኝም። በፀጉር አስተካካዩ በኩልም እንዳታስጠሪኝ። በስልክ የተባለ ነገር አይጠረዝም።

ጠራዡ ዘመድሽ


ጥር 29 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ወገብዎን ይማርልኝ፤ የቀረው ግማሽ ጢምዎም በሰላም ተላጭቶ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

በእጄ የምጽፈው በኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ እንደማይመልሱ እማዬ ስላስጠነቀቀችኝ ነው። ጽሕፈቴ ካስቀየመዎት ይቅርታ። ደብዳቤዎን ሳነብላት ሳቋ አላቆም ብሏት ውሃ ሰጠኋት። «አልተለወጠም! የአክስቴ ልጅ አንድ ፀጉር አልተለወጠም!» አለች።

ጋሼ፣ በአካል ባላውቅዎትም ያሳደገኝ መጽሐፍዎ ነው፤ ልቀልድበት አልችልም። ቀረጻው ሠላሳ አራት ቀን ፈጀ፤ በሠላሳ አራቱም ቀን መጽሐፉ ከእጄ አልወጣም። ባይሆን ሌላ ሌላ ጥፋቴን ልናዘዝልዎ። ደም መጣጩን የሚጫወተው ተዋናይ ቁመቱ የበሩን ጉበን ይነካል፤ መርፌ ሲያይ ግን ራሱን ይስታል። ልብስ ሰፊ ሆኖ! በመጀመሪያው ቀን ክር ሊያስገባ ሲል ከነወንበሩ ተዘረረ። ስለዚህ ሲሰፋ የሚታዩት እጆች በሙሉ የእማዬ ናቸው። ጥፍሯን ጥቁር ቀብተን፣ የሰውዬውን እጅጌ አልብሰን አስቀመጥናት። «በስተርጅና ደም መጣጭ አደረግሽኝ» እያለች እንደ ጉድ ስትሰፋ ዋለች። የተሠራለት የደም መጣጭ ጥርስ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ልኩን አሳስቶ ስለሠራው ሲያጠልቀው አፉ አይገጥምም። በዚህ የተነሣ ንግግሩን በግማሽ ቀንሻለሁ። ይህን ጥፋት እቀበላለሁ።

ቅደም ተከተሉን ግን አልነካሁም። ገጽ በገጽ ነው የተከተልኩዎት። በመጽሐፍዎ ቀብሩ ይቀድማል፣ ሠርጉ ይከተላል። እማዬም በሕፃንነቴ ስታነብልኝ እንዲሁ ነበር። ይመኑኝ፣ ጋሼ።

ፊልሙ የሚመረቀው ግንቦት አንድ ቀን ነው። ሳይመርቁኝ እንዳይቀሩ።

አክባሪዎ


የካቲት 10 ቀን

ሰላም ነኝ። ጢሜን ተላጭቻለሁ። ጽሕፈትሽ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ይነበባል ግን። ጌታ ልቦና ይስጥሽ።

«ይመኑኝ» ብለሻል። አላምንሽም። የእኔ ቅጂ አሁን ፊቴ ላይ ተዘርግቷል፤ ሠርጉ በፊት፣ ቀብሩ በኋላ ነው። ሦስት መቶ ቅጂ አትሜ አንዱም ከአንዱ አይለይም።

ሥራዬን ስለማታውቂ ላስረዳሽ። መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል አይሠራም። አንድ ትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፤ እኛ እጥፍ እንለዋለን። «የአንገት ልክ» ዘጠኝ እጥፍ ነው። ሠርጉ ሰባተኛው፣ ቀብሩ ስምንተኛው ነው። እጥፎቹን ደራርቤ፣ በወስፌ በስቼ፣ በክር እሰፋቸዋለሁ። እያንዳንዱ እጥፍ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ እንዲያልቅ አድርጌ ነው ፊደሉን የለቀምኩት፤ ቃል ከመሃል ተቆርጦ ወደ ሌላ እጥፍ አይሻገርም። ይህን ያደረገ ሌላ ጠራዥ አላየሁም። የገጽ ቁጥርም አላደረግኩበትም። የሚፈራ ሰው ቁጥሩን እያየ ስንት ገጽ እንደቀረው ካወቀ አይፈራም። ማተሚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ስለ ቅደም ተከተል የማደርቅሽ በከንቱ አይደለም። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ንባብ የተማርኩት ከማተሚያ ቤት ደጃፍ ከሚጣል ብልሽት ወረቀት ነው። መጀመሪያ የሌለው፣ መጨረሻ የሌለው፣ መሃሉ የተቀላቀለ ታሪክ። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ የጎደለውን ከራሷ ፈጥራ ትሞላልኝ ነበር፤ አንዱን ወረቀት ከሌላው በውሸት ትቀጥለዋለች። ለእሷ ጨዋታ ነበር። እኔ ግን እኔ የጠረዝኩት መጽሐፍ አንድም ቀን ቅደም ተከተሉ አይዛባም ብዬ ያኔ ማልኩ። ይኸው ስንት ዘመን፣ አልተዛባም።

ስለዚህ እናትሽ የሰጠኋትን ቅጂ እዚያ እናንተ ከተማ ላለ ጠራዥ ሰጥታ አስጠግናው ከሆነ ያበላሸው እሱ ነው። ጠይቂያት።

ሜትሩ በመስታወት ሲንሳፈፍ እንዴት አድርጋችሁ ቀረጻችሁት? ለማወቅ ፈልጌ አይደለም። ለመተቸት ነው።

ጠራዡ

ንግግሩን ስለ መቀነስሽ፦ መጽሐፌ ላይ የሚናገረው አሥራ አንድ መስመር ብቻ ነው። ግማሹ ስንት ነው? ለሰውዬውስ ምን ቀረው?


የካቲት 30 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከነአክብሮቴ ይድረስዎ። ቤትዎን ሰላም፣ እጅዎን ብርቱ ያድርግልኝ።

የመስታወቱ ነገር እንዲህ ነው፤ ይተቹኝ። መስታወት የለም። በመስታወቱ ቦታ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ወዲያ ሌላ ክፍል ሠርተን ዕቃውን ሁሉ ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጠን ደረደርን። መበለቷን የምትጫወተው ተዋናይት መንትያ እህት አለቻት፤ እሷን ወዲያ ማዶ አቆምናት። ሁለቱ እኩል ይነሣሉ፣ እኩል ይዞራሉ። ወዲህ ሰውዬው ይለካል፤ ወዲያ ሜትሩን በዓሣ ማጥመጃ ክር እያንቀሳቀስን በመንትያዋ አንገት ላይ እናዞረዋለን። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተበላሸ። በሃያኛው መንትያዋ አስነጠሳት፤ ይቺኛዋ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አብራ አስነጠሰች! እሱን ነው ያስቀረሁት።

መጽሐፉን ማንም አልጠገነውም። እማዬ «የሰው እጅ አልነካውም» ብላ ምላለች። ፎቶ አንሥቼ ቀብሩ የሚያልቅበትንና ሠርጉ የሚጀምርበትን ገጽ ልኬያለሁ። ራሱን መጽሐፉን ልላክለት ብላት ደረቷ ላይ አቅፋ «ከእጄ አይወጣም። ማየት ከፈለገ እግር አለው፤ ይምጣ» አለች። አንድ ዘር መሆናችሁ አሁን ገባኝ።

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ይህ የመጀመሪያ ፊልሜ ነው። የፈረምኩልዎትን ወረቀት ዳኛ ፊት ካወጡ ፊልሙ እንዳሉት ይቀራል፤ አብረውኝ የደከሙት ሰዎችም ልፋታቸውን ውሃ በላው ማለት ነው። ስምዎን ላውጣ ብል ደግሞ እጄ እምቢ ይለኛል፤ የእርስዎ ነውና። የመጨረሻው ቅጂ ሚያዝያ አሥራ አምስት ይዘጋል። ከዚያ በፊት ይፍረዱኝ።

አክባሪዎ


መጋቢት 9 ቀን

ሰላም ለቤቱ።

ፎቶ ክር አያሳይም። መጽሐፉን ላኪልኝ። የእኔ ቋጠሮ ሁለት ዙር ሆኖ ጫፉ ወደ ውስጥ ይቀበራል፤ ሌላ ማንም እንዲያ አይቋጥርም። ቋጠሮው የእኔ ካልሆነ አሸንፌሻለሁ። የእኔ ከሆነ ግን... የእኔ አይሆንም።

ለእናትሽ ንገሪያት፤ አልሰርቃትም። ራሴ ነኝ የሰጠኋት።

የማስነጠሱን ነገር አልጠላሁትም።

ጠራዡ


መጋቢት 24 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

በጤና ያግኝዎ። መጽሐፉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። እማዬ አንድ ሳምንት አኩርፋ፣ በመጨረሻ ራሷ በሹራቧ ጠቅልላ አሰረችው። ሹራቡም ይመለስልኝ ብላለች።

አክባሪዎ


ሚያዝያ 8 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ጤናዎ ደህና ነው ወይ? ፖስታ ቤቱ መጽሐፉ ከደረሰዎት አሥር ቀን እንዳለፈው ነገረኝ፤ ፈርመው ተቀብለዋል። ከእርስዎ ግን አንድ መስመር አልመጣም። የሚቆጣ ሰው ዝም ሲል ያስፈራል። እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እባክዎ ይቆጡኝ።

እማዬ ትናንት አንድ ነገር ነገረችኝ። ወደዚህ በመጣች በሦስተኛው ዓመት ሌላ ሰው እጅ «የአንገት ልክ»ን አይታ ተበድራ አንብባው ነበር ለካ። በዚያኛው ሠርጉ ይቀድማል! ከዚያን ጊዜ ጀምራ ታውቃለች፤ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብላ። «ምነው ሳትነግሪው?» ብላት «ምን ብዬ ነው የምነግረው? የእኔን ብቻ ሆን ብሎ አቀላቅሎ የሰፋው መሰለኝ። የብልሽት ወረቀት ጨዋታችንን ያልረሳ መሰለኝ። እኔም እንደ ድሮው ቀጣጥዬ አነበብኩት» አለች። መበለቷ ቀብራው መልሳ ያገባችበት ምክንያት ሁሉ፣ እኔ ከእርስዎ ያገኘሁት የመሰለኝ፣ እማዬ የሞላችው ነው።

ስለዚህ ጋሼ፣ ሆን ብለው ያደረጉት ነው። እንዲያው እንበልና ይለቅ። ማንም አያውቅም። እርስዎም አልተሳሳቱ፣ እኔም አልዋሸሁ።

ሰባት ቀን ቀርቶናል።

አክባሪዎ


ሚያዝያ 12 ቀን

ሰላም ለአንቺ።

ይህን በአስቸኳይ ፖስታ ልኬዋለሁ። ቋጠሮው የእኔ ነው። ሆን ብዬ ግን አይደለም። ሆን ብሎ ነው ብለሽ ለአንድ ሰው ብትናገሪ ቃሌን አጥፌ ስልክ ገዝቼ እደውልና እሰድብሻለሁ።

ፊልሙ ይውጣ። ስሜ ይቆይ። የፈረምሽው ወረቀት እዚህ ውስጥ አለ፤ ቅደጂው።

ጠራዡ


ግንቦት 7 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

እድሜ ይስጥልኝ! እድሜ ይስጥልኝ! ደብዳቤዎ በአሥራ አራት ደረሰ፤ ቅጂው በአሥራ አምስት ተዘጋ። ወረቀቱን አልቀደድኩትም። ጽሕፈትዎ ያምራል፤ በመስታወት አሰቅለዋለሁ።

ፊልሙ ተመረቀ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሜትሩ ሲንሳፈፍ ከፊት የነበረ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ፤ ከዚያ ኋላው ያሉት ሁሉ መቆለፍ ጀመሩ። ቀብሩ አለፈ። ከዚያ ሠርጉ መጣ። ልብስ ሰፊው ጫማው አፈር ለብሶ በሩ ላይ ሲቆም አዳራሹ ጮኸ። እሷ ጠጋ ብላ ከትከሻው ላይ አፈሩን ስታራግፍለት ግን የሳቀውም ያለቀሰውም አንድ ላይ ሆነ።

አፈሩ እኮ የእርስዎ ነው ጋሼ፤ መጽሐፉ ላይ «ጫማው አፈር ለብሶ መጣ» ይላል። ከመቃብር የወጣ አፈር መስሎኝ ነበር። ምን አስበው ነበር የጻፉት?

እማዬ መብራት ሲበራ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ «ደም መጣጩ እኔ ነኝ!» ብላ አሳፈረችኝ። ያጨበጨቡላት ከተዋናዩ ይበልጣል።

ፊልሙ በሰኔ መጀመሪያ ወደ እርስዎ ከተማ ይመጣል። ይሂዱልኝ። ደግሞ ልጠይቅዎ፤ እጥፎቹ እንዴት ተቀያየሩ? እንደ እርስዎ ያለ ሰው እንዴት?

ልጅዎ


ሰኔ 6 ቀን

ልጄ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለይ፤ ሥራሽን ይባርክልሽ፤ ለእናትሽም ከሁሉ አስበልጬ።

ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ይዞኝ ሄደ። ሦስተኛ ረድፍ ተቀመጥን። የምተቸውን ልጻፍ ብዬ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ነበር። ጻፍኩም። ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደ ማንኪያ ነው የያዘው። ለሴቲቱ የተሠራው የሱቅ በር ወደ ውጭ መከፈት ሲገባው ወደ ውስጥ ይከፈታል። ጥርሱ አፉን አላስገጠመው ማለትሽ እውነት ነው፤ እህል የጎረሰ ይመስላል። ንግግሩ ማነሱ ግን አልከፋም። አሥራ አንዱም መስመር በዝቶ ነበር።

ሲሰፋ የነበሩትን እጆች አወቅኳቸው። ብትነግሪኝም ባትነግሪኝም አውቃቸው ነበር። ቁልፍ ስትተክል ትንሿን ጣቷን ታነሣለች፤ ድሮም እንዲያ ነበረች።

ስለ ጫማው አፈር ለጠየቅሽኝ፣ እኔ የጻፍኩት ሰውዬው በእግሩ ረጅም መንገድ ስለመጣ ነው። ሌላ ምንም አልነበረበትም። አዳራሹ ሲጮህ ግን ብድግ ብዬ ቆምኩ። አንዲት ሴት ከኋላዬ «አባት፣ ይቀመጡ እንጂ፣ አልታየንም!» አለች። ፀጉር አስተካካዩ፣ አፉን ይያዝለትና፣ «ዝም በይ አንቺ፣ የጻፉት እሳቸው ናቸው!» ብሎ ጮኸባት። ሴትዮዋ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? «እንግዲያስ ያውቁታል፤ እኛ እንየው!» አለች። ተቀመጥኩ። ያለችው እውነት ስላልነበረ ነው የተቀመጥኩት። አላውቀውም ነበር። መጨረሻ ላይ ሴቲቱ መብራቱን አጥፍታ በሩን ከውስጥ ስትቆልፍ፣ እኔ የጻፍኳት ብቻዋን ቀርታ ነበር። ያንቺዋ ብቻዋን አይደለችም። ያንቺን ነው የወደድኩት። ይህን ጻፍኩልሽ፤ ሁለተኛ አልጽፈውም።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። ከሦስት መቶው መጀመሪያ የጠረዝኩት የእናትሽን ነው። የምትሄድበት ቀን ጠዋት ነበር። መኪናው ደጅ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ሻንጣዋ ተጭኗል፤ እሷ በር ላይ ቆማ «ተወው፣ ሌላ ጊዜ ትልክልኛለህ» ትለኛለች። መጽሐፍ እጽፋለሁ ስል ያልሳቀችብኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ ሳልሰጣት አትሄድም አልኩ። እጥፎቹን አነሣሁ፣ ደረደርኩ፣ ሰፋሁ። ዓይኔ ውስጥ ሙጫ ገብቶ ነበር። ሰባተኛውን ከስምንተኛው መለየት አልቻልኩም። ሙጫ ነው ያልኩሽ።

ጨዋታችንን አልረሳሁም በያት። መጽሐፏን ግን በጨዋታ አላቀላቀልኩትም፤ ተሳስቼ ነው። ያላደረግኩትን አድርገሃል ተብዬ አልመሰገንም።

መጽሐፉን መልሻለሁ፤ በሹራቡ ተጠቅልሏል። የሽፋኑን ጥግ ጠግኜዋለሁ፤ ክሩን አልነካሁትም። የራሴን ቅጂ ግን ክሩን ፈትቼ እንደ እሷው አድርጌ እንደገና ሰፍቼዋለሁ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እሷም አትጠይቀኝ፤ ፀጉር አስተካካዩንም አስጠንቅቄዋለሁ።

ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ እስክሞት ድረስ ትንፍሽ አልልም።

ጠራዡ ዘመድሽ